ኮማንደሩ ያነሱት መዶሻ

ፎቶ አንሺውን ሞተው ያገኘቻቸው ልጃቸው ናት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፎቶ ቤቱን ልትከፍት ስትመጣ በሩ አልተቆለፈም። አባቷ ጭንቅላታቸው ከኋላ ተመትቶ ከካሜራው ማቆሚያ ሥር በግራ ጎናቸው ተጋድመው ነበር፤ መነጽራቸው እንኳ ከዓይናቸው አልወረደም።

እኔ ስደርስ ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ቁልፉን በእጇ ታገላብጥ ነበር። ከጎኗ ተቀመጥኩ።

«ትናንት ከሰዓት ማንን ነበር ፎቶ የሚያነሱት?»

«ሰው አይመስለኝም» አለች። «ሰው ቢሆን ወንበሩ መሐል ላይ ይሆን ነበር።»

እውነቷን ነው። የደንበኛው ወንበር ግድግዳ ጋ ተገፍቷል። በእሱ ቦታ ጥቁር ጨርቅ የለበሰች ትንሽ ጠረጴዛ ቆማለች፤ ካሜራው እስከ ወገቤ ዝቅ ብሏል፤ ሁለቱ መብራቶች አንገታቸውን ደፍተው ጨርቁን ያያሉ። የካሜራው ሚሞሪ ካርድ የለም። ጨርቁ ላይ አውራ ጣት የሚያህሉ ሁለት የቅባት ነጠብጣቦች አየሁ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። የስፌት መኪና ዘይት ይሸታል።

ቀና ስል ውጭ ጭብጨባ ተሰማ። ኮማንደሩ መጡ ማለት ነው።

የፖሊስ አዛዣችንን ከተማው «መብረቁ» ይላቸዋል። ካሜራ ቀድሟቸው ይገባል፤ እሳቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው ይከተላሉ። ከጎናቸው የማይጠፋው ቃል አቀባያቸው ኮሌታቸውን አስተካከለላቸው፣ ብርሃኑን አየ፣ በአገጩ ምልክት ሰጠ።

«አንተ ገዳይ፣ እንደምትሰማኝ አውቃለሁ» አሉ ኮማንደሩ ለካሜራው። «የገባህበት ጉድጓድ ድረስ መጥቼ በጆሮህ ነው የማወጣህ። ሻንጣህን አዘጋጅ።»

ሰዉ ሳቀ፤ አጨበጨበ። ካሜራው ሲጠፋ ወደ እኔ ዞሩ።

«ላብራቶሪ፣ ምን አለሽ?»

ላብራቶሪ የምባለው እኔ ነኝ። ሩቅ አገር ተምሬ ከተመለስኩ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ለሁሉም ነገር «ላብራቶሪ ይታይ» ስለምል ስሙ ተለጠፈብኝ።

«ገና ነው ጌታዬ።»

«ገና የሚባል ነገር ለሕዝብ አይነገርም» አሉና ወጡ።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሰው ተያዘ።

የተያዘው ከፎቶ ቤቱ ጎን ያለችው ጠባብ ሱቅ ባለቤት፣ ቁልፍ ሠሪው ነው። ባለፈው ሳምንት የሱቁ ማስታወቂያ የፎቶ ቤቱን መስታወት ጋረደ ተብሎ ሁለቱ ተጨቃጭቀዋል። ጭቅጭቁን መንገዱ ሁሉ ሰምቷል። ጣቢያ ሲያስገቡት ካሜራ በፊት በር ቆሞ ጠበቀው፤ ኮማንደሩም እጃቸውን ትከሻው ላይ ጭነው «ገዳዩ ይኸውላችሁ» አሉ።

ሱቁን የፈተሽኩት እኔ ራሴ ነኝ። አምስት መዶሻዎች አገኘሁ፤ ሁሉም የእንጨት እጀታቸው በመዳፍ ብዛት የጠቆረ። አንድ በአንድ መዘገብኳቸው። ደም የሚባል ነገር የለም።

ቁልፍ ሠሪው ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ቶሎ የማይናገር ሰው ነው።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበርክ?»

«በር ስከፍት።»

«የማንን በር?»

ጣሪያውን አየ።

«የማንን?»

«እሱን አልናገርም።»

«በሰው ግድያ ተጠርጥረህ ነው እኮ እዚህ የተቀመጥከው።»

«ገብቶኛል እህቴ። ግን የማንን በር እንደከፈተ የሚያወራ ቁልፍ ሠሪ ነገ ማን በሩን ያሳየዋል? ሰው ቁልፉ የሚጠፋው በማይሆን ሰዓት፣ ከማይሆን ቤት ነው። ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ከተናገረልኝ ደስ ይለኛል። እኔ አልጠራውም።»

ተናደድኩ። እንዲህ ዓይነት ሰው መርዳት ግድግዳ እንደመግፋት ነው።

«ዘይትህን የት ነው የምታስቀምጠው?»

«የምን ዘይት?»

«ቁልፍ የምታለሰልስበት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ቁልፍ ውስጥ ዘይት የሚያንጠባጥበው የሰፈር ጎበዝ ነው። ዘይት አቧራ ይሰበስባል፤ ዓመት ሳይሞላው ቁልፉ መንከስ ይጀምራል። እኛ የእርሳስ ዱቄት ነው የምንነፋበት።» መዳፉን ዘረጋልኝ። ነጭ ወረቀት አመጣሁና ጣቶቹን ጠረግኩ። ወረቀቱ ላይ የቀረው ግራጫ፣ ደረቅ መስመር ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደወለልኝ። ፎቶ አንሺው የሞቱት ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የተመቱት አንድ ጊዜ፣ ክብ ፊት ባለው ብረት ነው። «አንድ የገረመኝ ነገር አለ» አለ። «ቁስሉ ዙሪያ ቀጭን የማሽን ዘይት አለ። ብረቱ ሲመታቸው ተቀብቶ ነበር።»

ይህን ይዤ ኮማንደሩ ቢሮ ገባሁ። ቃል አቀባዩ ከወንበራቸው ኋላ ቆሞ የነገውን ንግግር ያነብላቸዋል።

«ጠብ አለ፣ መዶሻ አለ፣ ዘይት አለ» አሉ ኮማንደሩ ጣታቸውን እያጠፉ። «ምን ቀረሽ?»

«ሰውየው ዘይት አይጠቀምም። የእርሳስ ዱቄት ነው።»

«እሺ፤ ነገ ወጥቼ ‹ወገኖቼ፣ ተጠርጣሪው እርሳስ ስለሚወድ ለቀነዋል› ልበል?»

ቃል አቀባዩ በትሕትና ፈገግ አለ። ጨዋ ነው፤ ሰው ሲገባ ብድግ ይላል፣ በር ይከፍታል። «ኢንስፔክተር፣ እርስዎ ማስረጃውን ይጨርሱ» አለኝ። «ነገ አራት ሰዓት መግለጫ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ተጠርጣሪው ለዐቃቤ ሕግ ይተላለፋል።»

ያን ቀን ራት ላይ እናቴ ቴሌቪዥኑን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠበቀችኝ። ኮማንደሩ ጉድጓድና ጆሮ እያሉ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼን ሰውዬ እንዳትነኪብኝ» አለችኝ። «እሱ ከመጣ ወዲህ ቦርሳዬን ብብቴ ሥር ሳልደብቅ ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ።»

«የታሰረው ሰውዬ ካልገደለስ?»

ሳህኔን አቀረበችልኝ። «ታዲያ የገደለውን ፈልጊ። ለዚህ አይደል ያስተማርኩሽ?»

ቦርሳዋ እውነት ነው። እኔ ሳላውቀው የተለወጠ መንገድ ላይ ነው የምትሄደው፤ ከእኔ የምርመራ ወረቀትና ከኮማንደሩ ዛቻ የትኛው እንደለወጠው አላውቅም። ግን ቁልፍ ሠሪው ያን ሰዓት ሲሚንቶ ላይ ተኝቶ ነበር፤ እናቱም ጎረቤት «የገዳይ እናት» ማለት እንደጀመራቸው ነግረውኛል።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ ቢሮዬ መጣች። ፖስታ ይዛለች።

«አባቴ ቤት መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። ኮማንደሩ ናቸው ያስገደሉት» አለች ሳትቀመጥ። «ባለፈው ሳምንት ‹ይኼንን ሰውዬ ጉድ አወጣዋለሁ› ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

አባቷ ሃያ ዓመት የፖሊስ ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም አልፎ አልፎ እንደሚሠሩልን ሰምቻለሁ። ፖስታው ውስጥ አሥራ አንድ ፎቶዎች ነበሩ። በእያንዳንዱ ላይ ኮማንደሩ ከአንድ ረጅም ጠረጴዛ ኋላ ቆመዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ከወንጀለኞች ተያዘ የተባለ ዕቃ ተደርድሯል። የተያዙት ሰዎች በየፎቶው ይለያያሉ። ዕቃዎቹ መሐል ግን አንድ መዶሻ በእርሳስ ተከብባለች፤ ቀይ የጎማ እጀታ አላት፣ ከሚስማር መንቀያዋ አንዱ ጥርስ ተሰብሯል። በአሥራ አንዱም ፎቶ ያው መዶሻ ናት።

የማይጠየቅ ጥያቄ ልጠይቅ ወደ ኮማንደሩ ሄድኩ።

«ትናንት ወዲያ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የት ነበሩ?»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ሬዲዮ ላይ» አሉ። «ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ቀጥታ ስርጭት። ከአድማጭ ስልክ እየተቀበልኩ ነበር። ከዚህ የበለጠ ምስክር ያለው ሰው ካወቅሽ አምጪልኝ።» እስክሪብቶውን መልሰው አንስተው ጨመሩ፦ «ደፋር ነሽ። ይኼን ደግሜ ብሰማ ግን ትራፊክ ታስተናብሪያለሽ።»

ሬዲዮ ጣቢያው ደወልኩ። ከስቱዲዮው አልወጡም። እሳቸው አልገደሉም።

አራት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ረጅሙ ጠረጴዛ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ቢላ፣ ሽጉጥ፣ ሰንሰለት፣ ፌሮ ተደርድሮበታል። ሁሉም ያበራል። ከሽጉጡ ቀጥሎ ቀይ እጀታዋ መዶሻ ተኝታለች። በዓይኔ ጥርሷን ፈለግኩ፤ አንዱ ተሰብሯል።

ኮማንደሩ ንግግራቸውን አጋመሱ። ከዚያ ወረቀቱን ተዉትና እጃቸውን ወደ ጠረጴዛው ሰደዱ። መዶሻዋን አንስተው ከራሳቸው በላይ ያዟት።

«እነሆ፣ በዚህች ነው የገደለው» አሉ። «እኛ ደግሞ ከነመዶሻው ያዝነው።»

የፎቶ ብልጭታ አዳራሹን ሞላው። እኔ ከአምስቱ የሱቁ መዶሻዎች አንዷ እንዳልሆነች አውቃለሁ። እጃቸው ስለደረሰባት ብቻ ያነሷት ናት። ግን ሰው ሁሉ መዶሻዋን ሲያይ እኔ ያየሁት ቃል አቀባዩን ነው። ከንፈሩ ነጣ። እጁ ላይ የነበረው ወረቀት ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ሊያነሳውም አላጎነበሰም።

ሰዉ ሲበተን ጠረጴዛው ጋ ቀረሁ። የኤግዚቢት ክፍሉ ሳጅን፣ ጡረታቸው የደረሰ ረጋ ያሉ ሰው፣ ዕቃውን ወደ ካርቶን ይመልሳሉ። አጠገባቸው ስቆም ያ ሽታ መጣ። የስፌት መኪና ዘይት።

«ሳጅን፣ ይኼን ምን ቀባችሁት?»

«ዘይት ነዋ። ሁልጊዜ እንቀባዋለን። ካሜራ ፊት እንዲያበራ ይፈልጋሉ።»

«ይቺ መዶሻ የቁልፍ ሠሪው ናት?»

ዙሪያቸውን ቃኙ። «ኢንስፔክተር፣ እርስዎ አዲስ አይደሉም። ይኼ የጠረጴዛ ዕቃ ነው። የተያዘው ዕቃ ትንሽ ሲሆን ጠረጴዛው ባዶ እንዳይመስል እንሞላበታለን። ይቺ መዶሻ ከስድስት ዓመት በፊት በሌብነት የተያዘች ኤግዚቢት ናት፤ ከእኔ በላይ በቴሌቪዥን ታይታለች።»

«ባለፉት ቀናት ወጥታ ነበር?»

መዝገቡን ገለጡልኝ። ፎቶ አንሺው በሞቱበት ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ካርቶኑ ወጥቷል። ፈራሚ፦ ቃል አቀባዩ። ምክንያት፦ ለበራሪ ወረቀት ፎቶ። በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሷል።

«ማን ጋ ነው ፎቶ የሚያስነሳው?»

«ሟቹ ጋ ነዋ። ድሮም እሳቸው ናቸው የሚያነሱት።» ሳጅኑ ፊታቸው ቀስ ብሎ ተለወጠ። «እኔ እኮ እንዲሁ ጥድፊያ መስሎኝ ነበር... ካርቶኑን ሲመልስ ‹ቸኩያለሁ፣ በኋላ ቁጠረው› አለኝ። እኔ ሳልቆጥር አልረከብም። ሃያ ሁለት ዕቃ ወጥቶ ሃያ አንድ ከገባ ማንም ከዚያች በር አይወጣም። ይኼንን ሁሉም ያውቃል።»

ለዚህ ነው ያልጣላት። ወንዝ ውስጥ ወርውሯት ቢሆን ለዘላለም አናገኛትም ነበር። የሳጅኑን ቆጠራ ስለፈራ ጠርጎ፣ ዘይት ደግሞ ቀብቶ መለሳት። በማግስቱ ሳጅኑ እንደልማዳቸው ጠረጴዛው ላይ ደረደሯት።

መዶሻዋን በከረጢት አድርጌ ራሴ ላብራቶሪ ወሰድኩ። አምስት ሰዓት ሆኗል። ባለሙያዋ ጎማውን ከብረቱ ላይ በቢላ ገፈፈችው። ሥሩ፣ ብረቱና እጀታው በሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ፣ ዘይቱ ያልደረሰበት ጥቁር ቅርፊት ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የፎቶ አንሺው የደም ዓይነት ነው፤ ሁለት ሽበትም ተጣብቆበታል።

ቃል አቀባዩን ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። እንደገባሁ ብድግ አለ፤ ወንበር ሳበልኝ። አሥራ አንዱን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩለት። ቀጥሎ የመዝገቡን ቅጂ። ቀጥሎ የላብራቶሪውን ወረቀት።

ሦስተኛውን ካነበበ በኋላ ተቀመጠ።

«ፎቶዎቹን ለጋዜጣ እሰጣለሁ አሉኝ» አለ። «ካርቶኑን አስቀምጬ መብራት ሲያስተካክሉ ነው የነገሩኝ። ‹ይቺን መዶሻ ለአሥራ ሁለተኛ ጊዜ አላነሳትም› አሉ። ለመንኳቸው። አንድ ሰዓት ለመንኳቸው። ጀርባቸውን ሰጡኝ።»

«ሰውን በፎቶ ምክንያት?»

«ፎቶ አይደለም። ኮማንደሩን ነው። ስድስት ዓመት እኔ ነኝ የሠራኋቸው። ጉድጓዱም፣ ጆሮውም፣ ሻንጣውም የእኔ ነው። እሳቸው አፋቸውን ብቻ ነው የሚያበድሩኝ።»

«ቁልፍ ሠሪውስ?»

«እሱን እኔ አልጠቆምኩም። ኮማንደሩ ‹ጎረቤቱስ?› አሉ። ዝም አልኩ።»

«ዛሬ መዶሻዋን ሲያነሷትስ?»

ዓይኑን ጨፈነ። «እሱን አልጻፍኩላቸውም። ከራሳቸው ያመጡት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው።»

ሪፖርቱን ጽፌ፣ ከነፎቶዎቹ ለዐቃቤ ሕግ ልኬ ካበቃሁ በኋላ ነው ወደ ኮማንደሩ የገባሁት። ቅደም ተከተሉን አስቤበታለሁ። ሁሉንም ሰምተው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«እንግዲህ መዶሻዋን በተመለከተ ትክክል ነበርኩ» አሉ።

«አዎ ጌታዬ። ሰውየውን በተመለከተ አልነበሩም።»

የቁልፍ ሠሪውን የመፍቻ ደብዳቤ ፈረሙ። «በጓሮ በር ይውጣ። መግለጫ የሚባል ነገር የለም። ሰው ይረሳል።»

ወርጄ የቁልፍ ሠሪውን ክፍል አስከፈትኩ። ነገሩን ነገርኩት። ጫማውን አሰረና ቆመ።

«በየትኛው በር ነው የምወጣው?»

«በጓሮ።»

ጫማውን እንደገና ፈታ። ተመልሶ ተቀመጠ።

«እኔ በፊት በር ነው የገባሁት። ካሜራ እያየኝ፣ የእሳቸው እጅ ትከሻዬ ላይ ሆኖ። በጓሮ ከወጣሁ አመለጠ ነው የሚባለው። ነገ ማን ነው የቤቱን በር የሚያሳየኝ? የጠራኝ ሰው ሁሉ መዶሻዬን ነው የሚያየው።»

«እኔ ለጎረቤቶችህ እነግራቸዋለሁ።»

«ያንቺ አፍ አይደለም ያሰረኝ እህቴ። በዚያው አፍ ይባልልኝ። እስከዚያ እዚሁ ነኝ።»

ይህን ለኮማንደሩ አደረስኩ።

«ጎትታችሁ አውጡት።»

«ነጻ የተባለን ሰው ከእስር ቤት በጉልበት ማስወጣት መዝገቡ ላይ ምን ተብሎ ይጻፍ?»

ስልኩን አነሱና መልሰው አስቀመጡት።

«ሪፖርቱ ዐቃቤ ሕግ ጋ ነው» አልኩ። «አሥራ አንዱ ፎቶም እዚያ ነው። መታወቁ አይቀርም ጌታዬ። የቀረው ቀድሞ የሚናገረው ማን እንደሆነ ብቻ ነው።»

«ስንት ዓመት ነው የተማርሽው?» አሉኝ።

«ስድስት።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ይኼን ነው ያስተማሩሽ?»

«ይኼንንስ እዚህ ነው የተማርኩት።»

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ኮማንደሩ ከቁልፍ ሠሪው ጋር በፊት በር ወጡ። ካሜራ የለም፤ ካሜራ የሚጠራው ሰው ራሱ ታስሯል። በእግር አራት መንገድ ተሻግረን ሱቁ ደጃፍ ደረስን። ሰው ወሬውን ሰምቶ ከሁለቱም ጫፍ መጣ። ኮማንደሩ ደረጃዋ ላይ ወጡ። ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ወረቀት የለም።

«ይህ ሰው...» አሉ፤ ቀጥሎ ያሉት ኮሌታቸው ውስጥ ቀረ።

ከኋላ የቁልፍ ሠሪው እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ ፊት መጡ።

«አልሰማንም ጌታዬ» አሉ። «ያን ቀን እኮ ቤቴ ድረስ ነበር የሚሰማው።»

አንድ ሁለቱ ሳቁ። ኮማንደሩ አልሳቁም፤ ግን አልተቆጡምም። ቁልፍ ሠሪው ከጎናቸው ቆሞ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። እኔ እንዳይሄዱ ፈርቼ እግራቸውን አየሁ። አልተንቀሳቀሱም።

«ይህ ሰው አልገደለም» አሉ እንደገና፣ ከፍ አድርገው። «ገዳይ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ከማዶ ያሉት አልሰሙም» አሉ እናትየው።

ኮማንደሩ ትንፋሻቸውን ሳቡ።

«ገዳይ ያልኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።»

ከመንገዱ ማዶ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ወደ በሩ ወጣ፤ ግማሽ ፊቱ አረፋ የለበሰው ደንበኛውም ከኋላው።